ሽልድ ወይስ ተራ ሽቦ? በቤት የሚሠራ አውሮፕላን አቪዮኒክስ ሲዘረጋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ አንድ ሰው ጋራዡ ውስጥ አውሮፕላን ሠርቶ፣ አስመርምሮ፣ በራሱ እጅ ሥራ መብረር ይችላል። ሕጉ አብዛኛው ሥራ በሠሪዎቹ እጅ እንዲከናወን ይጠይቃል። በሠሪዎቹ ዘንድ «የ51 ከመቶ ሕግ» ይባላል። ክንፉ ተበሳስቶ፣ ሪቬቱ ተመትቶ ካለቀ በኋላ የአቪዮኒክሱ፣ ማለትም የሬዲዮዎቹና የሌሎቹ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች፣ የሽቦ ሥራ ይመጣል። ብዙ ሰው እጁን የሚያጥፈው እዚህ ጋ ነው። የትኛው ሽቦ ሽልድ ይፈልጋል? የትኛው አይፈልግም? ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከዚሁ የመነጩ ናቸው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው እንደ አርቪ ካሉ ባለአንድ ሞተር የአሉሚኒየም ኪት (ክፍሎቹ ተዘጋጅተው የሚሸጡ) አውሮፕላኖች የተወሰዱ ናቸው።

ሽልድ ያለው ሽቦ ከተራው በምን ይለያል?

ተራው ሽቦ መዳብና ሽፋን ብቻ ነው። ሽልድ ያለው ግን ከሽፋኑ በላይ ከቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተጎነጎነ መረብ ለብሷል። ከመረቡ በላይ ደግሞ ሌላ የውጭ ሽፋን አለው። ውስጡ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሽቦ ሊኖር ይችላል።

መረቡ ግራውንድ ሲደረግ (ከአውሮፕላኑ የጋራ ዜሮ ቮልት ነጥብ ጋር ሲያያዝ) ከውጭ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መስክ እሱ ላይ ይቀራል። ውስጥ ያለው ሽቦ ጋ አይደርስም። በተቃራኒውም ይሠራል፤ ውስጥ ያለው ሽቦ ረባሽ ከሆነ ረብሻው ወደ ጎረቤት ሽቦዎች እንዳይወጣ ያግዳል። ግራውንድ ያልተደረገ ሽልድ ግን ተሸክማችሁት የምትበሩት ክብደት ነው፣ ሌላ ጥቅም የለውም።

ታዲያ ለጥንቃቄ ሁሉንም ሽቦ ሽልድ ባደርገውስ?

አታድርጉት። ይህን የምለው ስለ ገንዘቡ ብዬ አይደለም።

ሽልድ ያለው ሽቦ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ጥቅሉ ከፓነሉ ጀርባ አልታጠፍ ይላል። ይህ ቀላሉ ችግር ነው። ዋናው እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ያለው ሥራ ነው። መረቡ መላጥ፣ መበየድ፣ መሸፈን አለበት። በደንብ ያልተሠራ ጫፍ ደግሞ ሾርት ነው፣ ወይም ከጊዜ በኋላ በንዝረት የሚበጠስ ክር ነው። ሃምሳ አላስፈላጊ ጫፍ ማለት ሃምሳ አላስፈላጊ የብልሽት ዕድል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሽልድ ሁሉንም ረብሻ አይመክትም። ቀጭን የመዳብ መረብ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለውን የማግኔት መስክ እምብዛም አያስቆምም። ከኦልተርኔተሩ (ሞተሩ ከሚያዞረው ጄኔሬተር) የሚወጣው ከባድ ከረንት በዙሪያው የሚፈጥረው መስክ ሽልዱን አልፎ ይገባል። ለእሱ መድኃኒቱ ርቀት ነው፣ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ሽቦ አብሮ መጠማዘዝ ነው፣ ግራውንዱን በሥርዓት መሥራት ነው። «ሁሉንም ሽልድ አድርጌዋለሁ» ብሎ የተረጋጋ ሰው እነዚህን ሦስቱን ይረሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው።

እንዴት ነው የምወስነው?

መጀመሪያ የመሣሪያውን የመግጠሚያ ማኑዋል ክፈቱ። አምራቹ መሣሪያውን የሞከረው በዚያ ስዕል መሠረት ነው። ስዕሉ ላይ በሽቦዎቹ ዙሪያ ሞላላ ቀለበት ካለና ከቀለበቱ ወደ ግራውንድ መስመር ከወረደ ሽልድ ይፈልጋል። ሁለት ሽቦዎች እየተጠላለፉ ከተሳሉ መጠማዘዝ አለባቸው። ማኑዋሉ ሽልድ ካለ ሽልድ ነው፤ ክርክር የለውም።

ማኑዋሉ ዝም ካለ ሦስት ነገር ጠይቁ። ረባሹ ማን ነው? ተረባሹ ማን ነው? ረብሻው በየት በኩል ይደርሳል? ማግኔቶ (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚፈጥረው)፣ ኦልተርኔተር፣ የድሮው የዜኖን ስትሮብ (ብልጭ ብልጭ የሚለው የውጭ መብራት)፣ ርካሽ የዩኤስቢ ቻርጀር ረባሾች ናቸው። የማይክ መስመር፣ የሬዲዮ አንቴና፣ አቅጣጫ የሚለካው ማግኔቶሜትር ደግሞ ተረባሾች ናቸው። ሽልድ የሚጠቅመው መንገዱ ከሽቦ ወደ ሽቦ በኤሌክትሪክ መስክ የሚሻገር ሲሆን ነው። ረብሻው በጋራ ግራውንድ ወይም በፓወር መስመሩ ውስጥ የሚመጣ ከሆነ የሚሊዮን ብር ሽልድ ብታለብሱትም ለውጥ የለውም።

በተግባር ሽልድ የሚፈልጉት የትኞቹ ናቸው?

ከማግኔቶ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው የሚመጣው ሽቦ፣ ማለትም ፒ-ሊዱ፣ አንደኛ ነው። የማይክና የሄድሴት መስመሮች ይከተላሉ። የዜኖን ስትሮብ ካላችሁ ከፓወር ሳፕላዩ ወደ መብራቱ የሚሄደው ገመድ ብዙ መቶ ቮልት ስለሚሸከም ሽልድ ይደረጋል፤ ብዙውን ጊዜም ሽልዱ ግራውንድ የሚሆነው በፓወር ሳፕላዩ በኩል ብቻ ነው። አሪንክ 429 የሚባለው የዳታ መስመር የተጠማዘዘና ሽልድ ያለው ጥንድ ነው። የኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን (የሞተር ማቀጣጠያ) ሴንሰር ሽቦም አምራቹ ሽልድ ካለ እንዳለው ነው።

የማይፈልጉትስ?

የባትሪና የፊውዝ መስመሮች፣ የፍላፕና የትሪም ሞተሮች፣ የኤልኢዲ መብራቶች፣ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ የነዳጅ ልክ ሴንሰር። አጭር የአርኤስ-232 ዳታ መስመርም በአብዛኛው በተራ ሽቦ ያለ ችግር ይሠራል።

ለእነዚህ የተለመደው ምርጫ 22759/16 የሚል ቁጥር ያለው የአውሮፕላን ሽቦ ነው። ቆርቆሮ የተቀባ መዳብና ቴፍዜል የሚባል ሽፋን አለው። እስከ 600 ቮልትና እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላል።

የሲሊንደርና የጭስ ማውጫ ሙቀት የሚለኩትን ቴርሞካፕሎች ለብቻ ላንሳ። እነሱን በተራ የመዳብ ሽቦ አትቀጥሉ፣ ሽልድ ባለውም ቢሆን። ሽቦው ራሱ የመለኪያው አካል ነው። የኬ ዓይነት ከሆነ ማራዘሚያውም የኬ ዓይነት ይሁን። ያለዚያ የምታነቡት ሙቀት ትክክል አይሆንም።

ፒ-ሊዱን እንዴት ልሥራው?

እዚህ ላይ ጊዜ ወስደን እንነጋገር፤ የሰው እጅና ፕሮፔለር ያለበት ጉዳይ ነው።

ማግኔቶ ባትሪ አይፈልግም፣ በራሱ እሳት ይፈጥራል። የሚጠፋው ፒ-ሊዱ ከግራውንድ ጋር ሲገናኝ ነው። ማብሪያውን «ኦፍ» ስታደርጉ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሽቦው የሆነ ቦታ ከተበጠሰ ማብሪያው «ኦፍ» ላይ ሆኖም ማግኔቶው ሕያው ነው። ፕሮፔለሩን በእጁ ያንቀሳቀሰ ሰው ሞተሩ ሊነሳበት ይችላል።

በተቃራኒው ከመረቡ አንዲት ክር አፈትልካ መሃለኛውን ሽቦ ከነካች ያ ማግኔቶ ጠፋ ማለት ነው። በረራ ላይ ከሆነ በአንድ ማግኔቶ ቀራችሁ።

በኪት ሠሪዎች ዘንድ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ እንዲህ ነው። ሽልዱ በሞተሩ በኩል ከማግኔቶው አካል ጋር ይያያዛል። በኮክፒት በኩል ደግሞ ከማብሪያው የግራውንድ ተርሚናል ጋር ብቻ ይያያዛል፣ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር አይነካካም። በዚህ መንገድ ሽልዱ ለማብሪያው መመለሻ ይሆናል፣ የማግኔቶው ከረንትም በአሉሚኒየሙ ውስጥ አይንከራተትም። የማግኔቶው ወይም የማብሪያው አምራች ሌላ ካዘዘ ግን ትእዛዙን ተከተሉ።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ በቴስተር ለኩት። ለመለካት ሁለቱንም ጫፍ ንቀሉ። በመሃለኛውና በሽልዱ መካከል ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ከዚያ እያወዛወዛችሁ ደግማችሁ ለኩ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሽቦ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ሞተሩ ላይ ያለ ሽቦ ግን ሁሌም ይንቀጠቀጣል።

ሽልዱ በአንድ ጫፍ ነው ወይስ በሁለቱም ግራውንድ የሚደረገው?

እንደ ሥራው ይለያያል። ለድምፅ መስመሮች በአንድ ጫፍ ብቻ። ምክንያቱን ላስረዳ። የአውሮፕላኑ አካል ከባድ ከረንት ስለሚያልፍበት አንዱ ቦታና ሌላው ቦታ እኩል ቮልቴጅ የላቸውም። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ሚሊቮልት ነው። ሽልዱን በሁለት ቦታ ከአካሉ ጋር ካሰራችሁት ግን ያች ልዩነት በሽልዱ ውስጥ ከረንት ትነዳለች። የማይኩ ሲግናልም ሚሊቮልት ስለሆነ ሁለቱ ይደባለቃሉ። በሄድሴቱ የምትሰሙት የኦልተርኔተር ፉጨት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲና ለፈጣን ዳታ ነገሩ ይገለበጣል። አሪንክ 429 ሽልዱ በሁለቱም ጫፍ ግራውንድ ይደረጋል። አብራሪው የሚነጋገርበት የቪኤችኤፍ ሬዲዮ በ118 እና በ137 ሜጋኸርትዝ መካከል ነው የሚሠራው። እዚያ አካባቢ የሞገዱ ርዝመት ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፣ ሩቡ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በአንድ ጫፍ ብቻ የታሰረ የዚያን ያህል ርዝመት ያለው ሽልድ ራሱ አንቴና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አንድ ጫፍ ብቻ» የሚለውን እንደ ሃይማኖት አትያዙት። ማኑዋሉ ሁለቱንም ካለ ምክንያት አለው።

የሄድሴት ጃኮቹ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ጃኩ የብረት አንገት አለው፤ ያም አንገት የድምፁ ግራውንድ ነው። በቀጥታ በአሉሚኒየም ፓነል ላይ ካሰራችሁት ሳታውቁት ሁለተኛ ግራውንድ ፈጠራችሁ። ስለዚህ ጃኮቹ በፋይበር ወይም በናይለን ዋሸር ከፓነሉ ይለያሉ። አንዱ ባለ ትከሻ ሆኖ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ጠፍጣፋ ነው። ጃኩን ካጠበቃችሁ በኋላ፣ ሽቦ ሳታገናኙ፣ በአንገቱና በፓነሉ መካከል በቴስተር ለኩ። ቴስተሩ ከጮኸ ዋሸሩ ቦታውን ስቷል።

የማይኩና የስፒከሩ መስመሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሽልድ ያለው ገመድ ይኑራቸው። መመለሻውም በገመዱ ውስጥ ይሂድ። ሽልዶቹ በኢንተርኮሙ ወይም በኦዲዮ ፓነሉ በኩል ይታሰሩ፤ በጃኩ በኩል ተቆርጠው ይሸፈኑ።

የአንቴና ገመድስ ሽልድ ያለው ሽቦ አይደለም?

መረብ አለው፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ኮአክስ ሲባል በመሃለኛውና በመረቡ መካከል ያለው ርቀት ተለክቶ የተሠራ፣ ለአውሮፕላን ሬዲዮ 50 ኦም የሆነ ገመድ ነው። በተራ ሽልድ ሽቦ አትተኩት። ኮአክሱንም ለማይክ ብላችሁ አትቆራርጡት።

አርጂ-58 የሚባለው ኮአክስ ርካሽ ነው፣ ለረጅም ዘመንም አገልግሏል። ውስጡ ፖሊኤቲሊን ስለሆነ ግን ሙቀት ላይ ይለሰልሳል። አርጂ-400 የሚባለው ደግሞ በብር (በከበረው ብረት) የተለበጡ ሁለት መረቦች አሉት፣ ውስጡም ቴፍሎን ነው። ለትራንስፖንደር (ለራዳር ጥያቄ መልስ ለሚሰጠው መሣሪያ)፣ በ1090 ሜጋኸርትዝ ለሚያስተላልፈው፣ እኔ ያለ ማመንታት አርጂ-400 እመርጣለሁ። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ገመዱ የሚበላው ኃይል ይጨምራልና።

ማግኔቶሜትሩ መብራት ስበራ አቅጣጫ ይስታል። ሽልድ ይፈታዋል?

አይፈታውም። ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክንፍ ጫፍ ላይ ያለ መብራት ፓወሩን በአንድ ሽቦ ወስዶ በክንፉ አሉሚኒየም ይመልሳል እንበል። ያ ከረንት በማግኔቶሜትሩ አጠገብ መስክ ይፈጥራል። መስኩ የማይለዋወጥ የማግኔት መስክ ስለሆነ የመዳብ መረብ አይገታውም። መፍትሔው መመለሻውን በሽቦ ማምጣት፣ ከሚሄደው ጋር አጥብቆ መጠማዘዝ ነው። የሁለቱ መስኮች ይጣፋሉ። በአካባቢው ያሉትን የብረት ብሎኖችም ማግኔት በማይስባቸው ቀይሩ። ከተቻለ ማግኔቶሜትሩን አርቁት።

መጠማዘዝ ብቻውን ሽልድን ይተካል?

ብዙ ቦታ አዎ። ካን ባስ የሚባለው መሣሪያዎችን የሚያገናኝ የዳታ መስመር ለምሳሌ በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው የሚያነበው። ረብሻው ሁለቱንም እኩል ካገኛቸው ልዩነቱ አይቀየርም። አንዳንድ አምራቾች ጥንዱን ብቻ ይላሉ፣ ሌሎች ሽልድም ይጨምራሉ። ካን ባስ ላይ ሰው የሚዘነጋው ሽልዱን ሳይሆን በሁለቱ የመስመሩ ጫፎች ያሉትን የ120 ኦም ማብቂያ ሬዚስተሮች ነው። መሃል ላይ የተተከለ ማብቂያ ምንም ያህል ሽልድ ቢኖር የሚቆራረጥ ዳታ ይሰጣችኋል።

አውሮፕላኔ ፋይበርግላስ ነው። ይለወጣል?

ይለወጣል። አካሉ ከረንት አይመልስም፤ ለሁሉም መሣሪያ የግራውንድ ሽቦ መዘርጋት አለባችሁ፣ ሁሉም ወደ አንድ የግራውንድ ብሎክ ይምጡ። ይህ እንዲያውም የግራውንድ ሉፕን፣ ማለትም በሁለት ቦታ ግራውንድ ሲደረግ የሚዞረውን ከረንት፣ ይቀንሳል። በሌላ በኩል አንቴናዎቹ ብዙ ጊዜ አካሉ ውስጥ ስለሚቀመጡ በሽቦዎቹና በአንቴናው መካከል የሚጋርድ ብረት የለም። ሬዲዮ ስታስተላልፉ የነዳጅ ጌጁ ቢዘል ወይም ኦቶፓይለቱ ቢወዛወዝ አትገረሙ። ሽቦውን ከአንቴናው አርቁ፣ ከዚያ ስለ ሽልድ አስቡ።

የሽልዱን ጫፍ ሳላበላሽ እንዴት ልሥራ?

የውጩን ሽፋን በስለት ዙሪያውን ጫር አድርጉት፣ እስከ መረቡ አትቁረጡ። እጠፉት፣ ራሱ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ሳቡት። መረቡን ወደ ኋላ ገፋ ስታደርጉት ያብጣል። በሹል ነገር ክሮቹን ከፍታችሁ ቀዳዳ አብጁ። ሽቦውን አጥፋችሁ በቀዳዳው አውጡት። መረቡ ባዶውን ይቀራል፤ ጠምዝዛችሁ አሳጥሩት።

ሌላው መንገድ ሶልደር ስሊቭ ነው። ውስጡ የሶልደር ቀለበት ያለው የሚኮማተር ቱቦ ነው። መረቡ ላይ አልብሳችሁት፣ አጭር የግራውንድ ሽቦ አስገብታችሁ በሂት ገን ታሞቁታላችሁ። ቱቦው ስለተኮማተረ ብቻ አታቁሙ። ቀለበቱ ቀልጦ በመረቡ ክሮች መካከል ሲሰርግ በዓይናችሁ እዩ። ያልቀለጠ ሶልደር የያዘ ስሊቭ ከውጭ ሲያዩት ያማረ ነው፣ ከውስጥ ግን ያልተያያዘ ሽቦ ነው። የግራውንድ ሽቦውንም አሳጥሩ፤ በረዘመ ቁጥር ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ሽልዱ ይደክማል።

ከሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የተገዛ የማይክ ገመድ አይሠራም?

ድምፁን ያስተላልፋል፣ ግን አልመክርም። ሽፋኑ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው፤ ጠባብ ኮክፒት ውስጥ መስኮት ከፍታችሁ አትወጡም። አንዳንዱ ገመድ በመረብ ፈንታ ስስ ፎይል ነው ያለው፤ ፎይል ደግሞ መተጣጠፍና ንዝረት ሲበዛበት ይቀደዳል። የአውሮፕላን ሽልድ ሽቦ በ27500 ቁጥር ይሸጣል። ለአንድ አውሮፕላን የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር ነው።

አውሮፕላኑ አልቋል፣ ሄድሴቱ ግን ይጮኻል። ሽቦውን ልቀይር?

መጀመሪያ ጩኸቱን ስሙት። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ፉጨት ከሆነ ኦልተርኔተሩ ነው፤ የኦልተርኔተሩን ፊልድ ስታጠፉ ይጠፋል። ከሞተሩ ጋር የሚፈጥን «ጠቅ ጠቅ» ከኢግኒሽን ነው። በየሰከንዱ አንድ ጊዜ የሚመጣ ከሆነ ስትሮቡን አጥፉ።

ቀጥሎ የድምፅ መቆጣጠሪያውን አዙሩ። ጩኸቱ ካልቀነሰ የሚገባው ከመቆጣጠሪያው በኋላ ነው፤ የሄድሴቱን መስመርና ጃኩን ፈልጉ። ከዚያ በራሷ ባትሪ የምትሠራ የእጅ ሬዲዮ ኮክፒቱ ውስጥ ክፈቱ። እሷም ከሰማችው ረብሻው በአየር እየመጣ ነው። እሷ ዝም ካለች በሽቦ ወይም በግራውንድ ነው።

ሞተሩን አጥፍታችሁ በባትሪ ብቻም ሞክሩ፣ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እያበራችሁ። የዩኤስቢ ቻርጀርና ርካሽ የኤልኢዲ መብራት የሬዲዮውን ስኩዌልች (ሲግናል ሳይኖር ድምፁን የሚዘጋውን) ሲከፍቱ ታገኛላችሁ። ለእነሱ ፌራይት (ሽቦው ላይ የሚገባ የረብሻ ማፈኛ ቀለበት) ወይም ፊልተር ምንጩ ላይ አድርጉ፣ ካልሆነም ቻርጀሩን ቀይሩ። የማይኩን መስመር ሽልድ በሽልድ ብታደርጉት ያ ረብሻ በአንቴናው ነው የሚገባው።

የአየር መንገድ ቴክኒሻን ነኝ። ይህ ለምሠራበት አውሮፕላን ይሆናል?

ፊዚክሱ አንድ ነው፣ ውሳኔው ግን የእናንተ አይደለም። የምስክር ወረቀት ያለው አውሮፕላን ላይ የሽቦው ዓይነት፣ የሽልዱ አያያዝ፣ የግራውንዱ ቦታ ሁሉ በጸደቀው ማኑዋል ተወስኗል። ከላይ የተባለው በራሱ ስም ለሚሠራ ሰው ነው። ለእሱም ቢሆን የአሜሪካው የበረራ ባለሥልጣን ኤፍኤኤ ኤሲ 43.13-1ቢ በተባለው መመሪያው 11ኛ ምዕራፍ ስለ ኤሌክትሪክ ሥራ በሰፊው አስፍሯል፣ በነፃ ይገኛል። አንብቡት።

ፓነሉን ከመዝጋቴ በፊት ምን ላድርግ?

የእያንዳንዱን ሽልድ ስም፣ የት ግራውንድ እንደተደረገና የትኛው ጫፍ ክፍት እንደተተወ ስዕላችሁ ላይ ጻፉ። ከዓመታት በኋላ አዲስ ሬዲዮ የሚገጥም ሰው፣ ምናልባትም ሌላ ባለቤት፣ ክፍት የተተወውን ጫፍ «ተረስቶ ነው» ብሎ እንዳያስረው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በ1953 የተመሠረተው የሠሪዎች ማኅበር ኢኤኤ ቴክኒካል ካውንስለር የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች አሉት። ሽቦው ከመሸፈኑ በፊት መጥተው ያያሉ። ጥሯቸው፣ በተለይ ፒ-ሊዱን አሳዩአቸው።